የሰሜን ሸዋን ውርጭ አጣጥሞ ማሳለፊያ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ደጋ እንደ ፈረንጅ አገር ጣራና ጎዳና የሚሸፍን በረዶ አይከመርም። በክረምት ዶፉ ጠጠር በረዶ ይዞ ይመጣና ማሳውን አንጥቶት ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። ዋናው ብርድ የሚገባው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ይዞ የሚያስቀርላት ደመና የለም። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በሰላ ድንጋይና በመሃል ሜዳ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ቀትር ላይ ደግሞ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል።

ይህን የምጽፈው በሥራ ተመድበው፣ ለትምህርት ወይም በፋብሪካ ተቀጥረው ወደ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ለሚመጡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «ይህን ብርድ እንዴት ትችሉታላችሁ?» ለሚሉ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰፊው ግዛታቸው መርጠው ከተማቸውን የቆረቆሩት እዚሁ ብርድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቦታው የሚወደድ ነገር አያጣም። ምክሬ አጭር ነው፦ ቤቱን ለማሞቅ አይድከሙ፣ ራስዎን ያሙቁ። የአገሬው ሰው ደስታ ሁሉ የሚቀዳው ከዚህ ነው፤ ከለበሰው፣ ከያዘው ብርጭቆ፣ ከተደገፈው ግድግዳ። ቤቱን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊያግል የሚታገል ሰው ግን ቆጣሪውን አሙቆ እሱ ይበርደዋል።

1. መጀመሪያ ባና ይግዙ

ሌላው ሁሉ ሊዘገይ ይችላል፤ ባና ግን አይዘግይም። ባና ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ሴቶች ፀጉሩን አፍታተው በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል። አብዛኛው ባና ቀለም የማይነካው፣ በጉ እንደተፈጠረ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው። ዝተትና በርኖስም የዚሁ ሙያ ልጆች ናቸው፤ በርኖስ ግን የሚደረብ እንጂ የሚተኛበት አይደለም።

በገበያ ቀን በጠዋት ይሂዱ። ሻጩ ብዙ ጊዜ ዕድሜ የጠገበ ሰው ስለሆነ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ብለው ይጀምሩ፤ ዋጋ የሚመጣው ከሰላምታ በኋላ ነው። ከዚያ ባናውን ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያንሱት። ብርሃኑ በወንፊት እንደሚያልፍ ሆኖ ከታየ ክሩ ሳስቷል፣ ይተዉት። ቀጥለው ክፍሎቹ የተጋጠሙበትን ስፌት በሁለት እጅ ይዘው ሳብ ያድርጉ፤ ባና ቶሎ የሚለቀው በመሃሉ ሳይሆን በስፌቱ ነው። በመጨረሻም ያሽትቱት። የበግ ሽታ ሊኖረው ይገባል፤ ያ ሽታ የፀጉሩ ቅባት ነው፣ እርጥበት ቶሎ እንዳይሰርግበትም ያግዘዋል። ሽታው የሻጋታ ከሆነ ግን እርጥብ ቦታ የከረመ ነው።

ዋጋው ሲጠራ ሻጩ «ልጄ፣ ይህ ለልጅህም ይተርፋል» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ቢሆንም ይከራከሩ።

አዲስ ባና ይኮሰኩሳል። ስለዚህ ከሥር አንሶላ ወይም ጋቢ ያድርጉ፣ ባናውን ከላይ ይደርቡ። በሙቅ ውሃ አይጠቡት፤ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይሰበሰብና የሕፃን መጠቅለያ ያህል ሆኖ ይቀራል። በሳምንት አንድ ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ ገልበጥ እያደረጉ በዱላ ያራግፉት። ማታ ሲለብሱት ፀሐዩ ገና ውስጡ ይኖራል። ለእኔ በዚህ አገር ካሉት ትንንሽ ደስታዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ዋጋውም አንድ ዱላና አንድ አጥር ነው።

2. አለባበስ

ከውስጥ ካናቴራ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በመሃሉ የሚያዘው አየር ነው የሚያሞቀው፤ አጥብቀው አይጠቅለሉት። ማለዳ ሲወጡ አንዱን ጫፍ በአፍና በአፍንጫ ላይ ያጣፉት። ካልሲ የሱፍ ይሁን፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። ለከንፈርና ለእጅ ቫዝሊን አይርሱ፤ የሚሰነጥቀው ከብርዱ ይልቅ ድርቀቱ ነው።

3. የወሩን ምግብ ከአጽዋማቱ ጋር ያስማሙ

አዲስ መጤ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብርዱ ሲጠና ወፍራም ቅቤ የገባበት ገንፎ ያምረዋል፤ ነገር ግን የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ስለሚዘልቅ፣ የውርጩ ዋና ጊዜ የሚያልፈው በጾም ነው። እርስዎ ባይጾሙ እንኳ ጎረቤትዎና የሚበሉበት ቤት ይጾማሉ። ስለዚህ ወቅቱን በሁለት ይክፈሉት።

እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው የሥጋ ጊዜ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። አጥንት ያለበት የበግ ሥጋ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱ፣ ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ ይግፈፉ፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ጨምረው እሳቱን ቀነስ ያድርጉ። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይገባል። አትቸኩሉ የምለው በምክንያት ነው፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ቢያንቦገቡጉት ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት የሚበስል ቅቅል እዚህ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ መሃል ሜዳ ደግሞ የበለጠ። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ይህን ጣጣ ይዘለዋል።

ጾሙ ሲገባ ተራው የባቄላና የአተር ንፍሮ፣ የሽሮ፣ የተልባና የበሶ ይሆናል። ለንፍሮ ባቄላውን ከዋዜማው ይዘፍዝፉ፤ ካልዘፈዘፉ ከላይ በጠቀስሁት ምክንያት እስከ እኩለ ሌሊት ሲጠብቁት ያመሻሉ። ተልባውን ቆልተው ይውቀጡ፣ በለብታ ውሃ በጥብጠው ያጥልሉ፣ ማር ጨምረው ትኩስ ትኩሱን ይጠጡ። በሶ ደግሞ ለመንገደኛ ነው፤ በጥቂት ውሃ፣ ዘይትና ጨው ለውሰው ጭብጦ ያድርጉትና ኪስዎ ውስጥ ይዘው ይውጡ።

4. ቆሎ ይቁሉ

ቆሎ ገዝቶ መብላትና ቆልቶ መብላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚቆላው ሰው እጁ ይሞቃል፣ ፊቱ ይሞቃል፣ ቤቱ ይሸታል፤ ጎረቤትም ሳይጠራ ይመጣል። ለአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ገብስ፣ ግማሽ ኪሎ ሽምብራና ሩብ ኪሎ ሱፍ ይበቃል። ገበያ ላይ ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን የገብስ ዓይነት ካገኙ እሱን ይውሰዱ፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ የሙቀጫውን ሥራ ያቀልልዎታል።

ገብሱን ይልቀሙ፣ ጠጠር አንድ እንኳ እንዳይቀር፤ ጥርስ የሚሰበረው በዚህ ወር ነው። አጥበው በለብታ ውሃ ጥቂት ያርሱት፣ ያጥልሉት። ብረት ምጣድ ላይ ፈጥነው ያምሱት፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው መብሰሉ ሳይሆን ገለባው እንዲላቀቅ ብቻ ነው። ትኩስ እንዳለ በሙቀጫ ይሸክሽኩት። ዘነዘናውን ከፍ አድርገው አይምቱ፣ ፍሬው ይሰበራል፤ እየገፉ እንደማሸት ያድርጉት። ከዚያ በሰፌድ ያንፍሱት። ነፋስ ያለበት ደጃፍ ላይ ካደረጉት ግማሹን ሥራ ነፋሱ ይሠራልዎታል።

ዋናው ቁሌት አሁን ነው። ምጣዱ በደንብ ይጋል፣ ገብሱ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይግባ፤ ምጣዱን የሞላ ሰው የሚያገኘው ግማሹ ጥሬ ግማሹ ከሰል የሆነ ነገር ነው። ማማሰያውን ከእጅዎ አይልቀቁ። መጀመሪያ ድምፁ ከባድና ዝም ያለ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ሁለት ፍሬ ይንጣጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫና ምጣዱ ላይ ሲገለበጥ እንደ ጠጠር መንሿሿት ይጀምራል። ያኔ አንዱን ፍሬ አውጥተው ትንሽ ያብርዱና ይንከሱት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ያውጡት፤ ከታኘከ ይቀረዋል። ቀለሙ ወርቃማ ሲሆን ያውርዱት፣ ምጣዱ ላይ አይተዉት፤ ከእሳት የወረደ ምጣድም መቁላቱን አያቆምም።

ሽምብራው በጨው ውሃ ለጥቂት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ተጠንፍፎ ለብቻው ይቆላል። ሱፉም ለብቻው፣ መጨረሻ ላይ በላመ እሳት። አንድ ላይ ልቁላ የሚል ሰው ሱፉን ያሳርራል፣ ሽምብራውን ጥሬ ያስቀራል። ሁሉም ሲቀዘቅዝ ይደባለቅና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል። ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ በራሱ ላብ ይለሰልሳል።

5. ማለዳ ውርጩን ይዩ፣ ከዚያ ፀሐይ ይሙቁ

ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ብርዱን ይረግማል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይውጡ። ቦታው ዝቅ ያለ መስክ ይሁን፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ሌሊቱን ወደ ረባዳ ይንሸራተታል፣ ውርጩም የሚያርፈው እዚያ ነው። በደብረ ብርሃን የበሬሳ ወንዝ ዳር ያለው መስክ ለዚህ ይመቻል። ሣሩ ነጭ ለብሶ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፣ ውጭ ያደረ ሳፋ ውሃ ላይ እንደ መስታወት ስስ በረዶ ይጋገራል። ጎንበስ ብለው አንዲት ቅጠል ያስተውሉ፦ ውርጩ ጠርዟን ተከትሎ በጥቃቅን መርፌ ተሰድሮ ይታያል። ፎቶ ለማንሳት ያሰበ ስልኩን ውስጥ ኪሱ ይያዝ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነጩ ነገር ብዙ አይቆይም፤ 2 ሰዓት ላይ መስኩ እርጥብ ሣር ብቻ ነው።

ቤት የሚከራይ ሰው ደግሞ ከዚህ ትምህርት ይውሰድ፦ ረባዳ ላይ ያለ ቤት ርካሽ ቢሆንም ሌሊቱ ይከፋል። ከፍ ያለና ደጃፉ ወደ ምሥራቅ የዞረ ይምረጡ።

ከውርጩ ሲመለሱ ወደ ቤት አይግቡ። በዚያ ሰዓት ቤት ከደጅ ይበርዳል። ፀሐይ የሚመታው፣ ነፋስ የሚከልል የድንጋይ ግድግዳ ይፈልጉና ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ። የመንዝ ሽማግሌዎች ጨዋታ የሚጀምሩት እዚህ ነው፤ ሲደርሱ «እንዴት አደራችሁ» ብለው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ ወዲያው ጠጋ ጠጋ ይሉልዎታል። ከተቻለ አጎዛ ያንጥፉ፤ ድንጋይ ከላይ ቢሞቅም ከሥር ብርዱን አይለቅም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ኮፍያ ያድርጉ፤ በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ሳያስታውቅ ይለበልባል።

6. ጦስኝ

ጦስኝ በደጋው ተረተር ላይ መሬት ለመሬት የሚበቅል፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ሐምራዊ ቢጤ የሆነ መዓዛማ ተክል ነው። ጣርማበርና መንዝ አካባቢ ሞልቷል። ራስዎ ከለቀሙ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይቁረጡ፤ ከነሥሩ የነቀለው ሰው ለመጪው ዓመት አላስቀረም። ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ፀሐይ መዓዛውን ይወስደዋል።

አፈላሉ ቀላል ነው። ውሃው ሲፈላ ያውርዱ፣ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ይጨምሩ፣ ይክደኑ፣ አምስት ደቂቃ ይታገሱ። ክዳኑን አይናቁት፤ መዓዛው የሚሄደው በእንፋሎቱ ነው። ስኳር የሚጨምሩ አሉ። እኔ ማር ካልሆነ ምንም ባይገባበት እመርጣለሁ። ብርጭቆውን በጆሮው ሳይሆን በሁለት እጅ አቅፈው ይያዙት።

7. ማታ፦ ከሰል፣ ቡናና ረመጥ

በጥንቃቄው ልጀምር፤ በየዓመቱ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ከሰል ጢሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ቶሎ ወደ ውጭ መውጣት ይገባል። ስለዚህ፦

ሀ. ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥሉ፣ ሙሉ በሙሉ ፍም ሲሆን ብቻ ያስገቡ።
ለ. እሳቱ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ መስኮት ወይም በር ገርበብ ይበል።
ሐ. ከመተኛትዎ በፊት ማንደጃውን ያውጡት። በአመድ ማዳፈን አይበቃም፤ ያውጡት።

ይህ ከተጠበቀ ማታው የእርስዎ ነው። ቡናው ይቆላ፣ ጀበናው ይጣድ፣ የቆሉት ቆሎ ይቅረብ። ጎረቤት ይጥሩ፤ አምስት ሰው የተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ሁለት ሰው ካለበት ይልቅ ይሞቃል፣ ይህ ያለ ከሰል የሚገኝ ሙቀት ነው። «እማማ፣ ቡና ደርሷል፣ ይምጡ» ማለት የእርስዎ ነው፤ «አንተ ልጅ፣ ቤትህ ብርድ ነው» ብለው ባናቸውን ደርበው መምጣት የእሳቸው። አቦሉን ሲጠጡ ሰው ስለ ብርዱ ያወራል፣ ቶናው ላይ ስለ ሰብሉ፣ በረካው ላይ ስለ ሰው። መጥፎ ነገር ለመስማት ያልፈለገ ከሁለተኛው በኋላ ይነሳ።

በማጀት ኩበት የሚነድበት ቤት ከሆነ ደግሞ ድንች ይዘው ይምጡ። የኩበት ረመጥ ዝግ ብሎ ስለሚቆይ ለዚህ ከእንጨት ይሻላል። መካከለኛ ድንች ከነልጣጩ ይቅበሩ፣ አንድ ጊዜ ያገላብጡ፣ ስንጥር ሲሰካበት ያለ ትግል ካለፈ ያውጡት። አመዱን በእጅ እያቀያየሩ ያራግፉ፣ ለሁለት ይክፈሉት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስነስ ያድርጉበት። በጾምም በፍስክም ያስኬዳል።

አረቄ? የደብረ ብርሃን አረቄ ስመ ጥር ስለሆነ ሳይጠቀስ አይታለፍም። አረቄ ያሞቀ ይመስላል፤ በእውነቱ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። የሚጠጣ ሰው አንድ መለኪያ፣ እቤቱ ገብቶ፣ ጠግቦ ይጠጣ። ጠጥቶ ወደ ውርጭ መውጣት ግን የሞኝ ሥራ ነው።

ለመኝታ የላስቲክ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ሞልተው በካልሲ ከተው እግርዎ ሥር ያስገቡት። የፈላ ውሃ አይግባበት፣ ላስቲኩ ይጨማደዳል፤ እጅ የሚችለው ያህል ይበቃል።

8. አንድ ቅዳሜ ወደ ጣርማበር

ከደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ በጠዋት ይሳፈሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከሠራው ዋሻ አጠገብ መንገዱ በአንድ ጊዜ ወደ ቆላው ይከፈታል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋሱ ስለማይቻል ጋቢው ይምጣ። እዚህ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ማየት ይቻላል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ አይገኙም። ሌሊት ገደል ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው ፀጉራቸውን እየተቃቀሙ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ግጦሽ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ወንዱን ትከሻው ላይ በሚወርደው ረጅም ጋማው ይለዩታል፤ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ግን በሴቷም ላይ አለ። ምግብ አይስጧቸው፣ ዝም ብለው ቁጭ ይበሉ፤ ካልቀረቧቸው ሥራቸውን አያቋርጡም።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለዎት። ጊዜና ጉልበት ካለ ከጣርማበር ወደ መንዝ የሚገነጠለውን ይያዙና ጓሳ ይደሩ። ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነው ይህ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በአካባቢው ሕዝብ ተጠብቆ የኖረ ነው፤ የቤት ክዳንና የገመድ ሣር የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነበር፣ ቀይ ቀበሮም ዛሬ ድረስ አለ። የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት ስላለ አስቀድመው ቦታ ይያዙ። ባናዎን ተሸክመው ይሂዱ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እዚያ እንደ ሙቀት ይቆጠራል።

ጊዜ ከሌለዎት ወደ ደብረ ሲና ይውረዱ። በዚህ አጭር ቁልቁለት አየሩ ለስለስ ሲል ይታወቅዎታል፣ ጋቢውም ትከሻ ላይ ይወርዳል። መኪናው ሲቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። የራስዎን ቆሎ ይዘው ቢሆን እንኳ አንድ ስኒ ይግዙና ያስተያዩ፤ የእነሱ ከበለጠ ሽምብራውን ስንት ሰዓት እንደዘፈዘፉት ይጠይቋቸው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ መኪና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይያዙ፤ አመሻሽ ላይ አፋፉ ጉም ሊለብስ ይችላል።